ዋሻ ቤት የገባው ጋዜጠኛ፦ ኤድጋር ስኖውና የቻይና ሽምቅ ተዋጊዎች

በልጅነቴ በአጎቴ የመጻሕፍት ሣጥን ውስጥ ሽፋን የሌለው አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። ከእርጅና ብዛት የተገነጠለ ይመስለኝ ነበር። አድጌ ስጠይቀው ግን በ1969 ዓ.ም. እርሱ ራሱ ቀዶ ምድጃ ውስጥ እንደጨመረውና ውስጡን በጤፍ ጎታ ደብቆ ያን ክፉ ዘመን እንዳሳለፈው ነገረኝ። «ሽፋኑ ላይ ቻይና የሚል ቃል ነበረበት፤ በዚያን ጊዜ ማኦኢስት ተብሎ መጠርጠር ለመሞት ይበቃ ነበር» አለኝ። መጽሐፉ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኤድጋር ስኖው የጻፈው «ቀይ ኮከብ በቻይና ሰማይ ላይ» ነው። አጎቴ ካረፈ በኋላ መጽሐፉ ወደ እኔ መጥቷል።

ስለ እርሱ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ትዝታ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር የታሪክ አጻጻፍ ዘዴ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ከተዘጋ ግዛት የሚወጣን ወሬ በምን ሚዛን እንመዝነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ጋዜጠኛ እንዳይገባ ተከልክሎ፣ ሁላችንም በየጎራችን የምንፈልገውን ወሬ ስናምን መክረማችን የሚረሳ አይደለም። ለተማሪው በዚያ ሰዓት የሰጠሁት መልስ እኔንም አላረካኝም። እነሆ አሁን በሰፊው ልሞክረው። (የውጭውን አገር ዘመን በአውሮፓ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እሰጣለሁ፤ የአውሮፓው እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት አለው።)

ኤድጋር ስኖው በ1905 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በካንሳስ ሲቲ ተወለደ። በ1928 እ.ኤ.አ. ሻንግሃይ ሲደርስ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ጉዞውን ሊቀጥል ነበር ያሰበው፤ የቆየው ግን አሥራ ሦስት ዓመት ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምዕራብ ቻይና በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የፈጀውን ረሃብ በዓይኑ አየ። ሰው በመንገድ ዳር ሲወድቅ፣ የዛፍ ልጥ ሲበላ፣ ከከተማው ግንብ ውስጥ ግን እህል ያከማቹ ነጋዴዎች ዋጋ ሲጠብቁ ተመለከተ። አንባቢዬ ይህን ረሃብ በልቡናው ያኑርልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

በ1936 እ.ኤ.አ. የቻይና ኮሚኒስቶች ለውጭው ዓለም ተረት ነበሩ ማለት ይቻላል። የቺያንግ ካይሼክ መንግሥት ለዓመታት ዙሪያቸውን በወታደርና በሳንሱር ከብቦ «ቀይ ሽፍቶች» ይላቸው ነበር። ሽፍታ የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ጣልያንም አርበኞቻችንን የሚጠራው በዚሁ ስም ነበር። ማኦ ሞቷል የሚል ዜና በየጊዜው ይወጣል፤ ሞቶም ይነሣል። ቀይ ጦር ከደቡብ ተነሥቶ በ1934 እና በ1935 እ.ኤ.አ. በእግሩ አገር አቋርጦ ሰሜን መድረሱ ተሰምቷል። ከተነሡት ከሰማንያ ሺህ በላይ ሰዎች የደረሱት ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ግን እነዚህ ሰዎች ምን ይበላሉ? ምን ያስባሉ? ገበሬው ለምን አይጠቁምባቸውም? የሚያውቅ አልነበረም።

ስኖው በሰኔ ወር 1936 እ.ኤ.አ. ከቤይፒንግ (የዛሬዋ ቤጂንግ) በባቡር ወደ ዢአን ተነሣ። በኪሱ በማይታይ ቀለም የተጻፈ ለማኦ ዜዱንግ የሚሰጥ የመተዋወቂያ ደብዳቤ ይዞ ነበር። ጉዞውን ካመቻቹለት ሰዎች አንዷ የሱን ያትሰን ባለቤት የነበሩት ሱንግ ቺንግሊንግ ናቸው። አብሮት የሄደው ጆርጅ ሐተም የተባለ የሊባኖስ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ሐኪም ነበር፤ ሐተም በዚያው ቀርቶ ዕድሜውን በቻይና ፈጸመ። በራሱ ጥያቄ ስሙ በመጽሐፉ የመጀመሪያ እትሞች ውስጥ አልተጠቀሰም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ገና ከጅምሩ የሚያውቀውን ሁሉ አይናገርም ነበር።

ስኖው የጦር መሥመሩን እንዴት ሊሻገር ቻለ? ድፍረቱ ብቻ አላሻገረውም። በዚያ ግንባር ቀዮቹን እንዲወጋ የተመደበው የሰሜን ምሥራቅ ጦር አገሩ ማንቹሪያ በ1931 እ.ኤ.አ. በጃፓን የተወሰደችበት ነበር፤ ወታደሮቹ ከወገናቸው ጋር መታኰስ ሰልችቷቸዋል። አዛዡ ዣንግ ሹኤሊያንግም ከኮሚኒስቶች ጋር በምሥጢር ተስማምቶ ነበር። ጋዜጠኛው የገባው ለትንሽ ጊዜ በተከፈተ በር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የተቀበለው ቹ ኤንላይ ነበር። በእንግሊዝኛ ሰላምታ ሰጠው፤ ቁጭ ብሎም የ92 ቀን የጉዞ ዕቅድ አወጣለት። ያየኸውን ሁሉ ጻፍ፣ አንከለክልህም አለው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። እንግዳ ተቀባይነቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የ92 ቀን ዕቅድ የሚያወጣልህ ሰው የምታየውንም ጭምር እያወጣልህ ነው።

በሐምሌ ወር ባኦአን ደረሰ። ባኦአን በሻንሺ ቢጫ አፈር ኮረብታዎች መካከል ያለች ደሃ መንደር ናት። ማኦ የሚኖረው ከገደል በተፈለፈለ ዋሻ ቤት ውስጥ ነበር። ሩብ ሚሊዮን የብር ዶላር በራሱ ላይ የተቆረጠበት ሰው ያለ አጃቢ በመንደሩ ጎዳና ከገበሬዎች ጋር እያወጋ ሲያልፍ ስኖው አይቶ ተገረመ። ቃለ ምልልሱ የሚካሄደው በሌሊት ነው፤ ማኦ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ነበረና። በሻማ ብርሃን፣ ሲጋራ በሲጋራ ላይ እየተለኮሰ፣ አስተርጓሚው እየተረጎመ ስኖው በእንግሊዝኛ ይጽፋል። የተጻፈው እንደገና ወደ ቻይንኛ ይገለበጣል፤ ማኦ አንብቦ ያርማል፤ የታረመው ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይመጣል። በዚህ ሥራ ከረዱት ወጣቶች አንዱ ኋንግ ኋ ኋላ የቻይና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኗል። ማኦ ስለ ልጅነቱ፣ ከአባቱ ጋር ስለነበረው ጠብ፣ ስለ ትምህርቱ የተናገረውን የሚያህል የሕይወት ታሪክ ከዚያ በኋላ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ስለ ማኦ ወጣትነት የሚጽፍ ሁሉ እስከ ዛሬ ከዚህ ምንጭ ይቀዳል። ባለታሪኩ ራሱ ያረመው ምንጭ መሆኑን ግን ሁሉም አያስታውስም።

ስለ ሽምቅ ውጊያው ብዙ የነገረው ግን ማኦ ሳይሆን ፔንግ ዴኋይ ነው። ስኖው ወደ ምዕራብ ግንባር ወርዶ ከዚህ የጦር አዛዥ ጋር ሰነበተ። ፔንግ ከደሃ ቤት የወጣ፣ በዘጠኝ ዓመቱ ከቤቱ የተባረረ፣ ንግግሩ ቀጥተኛ የሆነ ወታደር ነበር። የውጊያውን ደንብ አንድ በአንድ ዘርዝሮ አስረዳው። ማሸነፍህን ያላረጋገጥህበት ጦርነት አትግጠም። ሳይጠብቅህ ምታው። ከማጥቃቱ ዕቅድ ይልቅ የማፈግፈጉ ዕቅድ ይጠበቅ። በአንድ ቦታ አትርጋ። ጠላት በሚበዛበት ተበተን፣ በሚያንስበት ተሰብሰብ። እነዚህ ሁሉ ግን እንደ ፔንግ አባባል ከአንድ ነገር በታች ናቸው፤ ገበሬው የማይደግፈው ሽምቅ ተዋጊ ውሎ አያድርም። ሽምቅ ውጊያ በምሥጢር ከተማ ውስጥ የታቀደ ብልሃት ሳይሆን ግብር፣ አራጣና ረሃብ ካፈረሱት የገጠር ኑሮ የበቀለ ነው ሲል አስተማረው። ሠራዊቱ ለወሰደው ሁሉ እንዲከፍል፣ የተበደረውን በር ሳይቀር እንዲመልስ የሚያዝዘውን ደንብ (ወታደሩ ማታ የገበሬውን በር ነቅሎ ይተኛበታል፤ ጠዋት ቦታው ይመልሳል) ስኖው በአድናቆት መዝግቦታል።

እዚህ ላይ እንደ ታሪክ መምህር አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ስኖው ሽምቅ ውጊያን ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ቢሆንም ሽምቅ ውጊያ ሲካሄድ እምብዛም አላየም። በቆየባቸው አራት ወራት ግንባሩ ቀዝቅዞ ነበር። ያየው ሠራዊቱን ነው፤ ወጣቶቹን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቴያትሩን፣ መዝሙሩን። የዳዱ ወንዝን የብረት ሰንሰለት ድልድይ በጥይት ውርጅብኝ ስለተሻገሩት ጀግኖች የጻፈው ገጽ ልብ ይሰቅላል፤ ግን ከተሻገሩት አፍ የሰማው ነው፤ የውጊያው ስፋት ምን ያህል ነበር በሚለው ላይ የታሪክ ምሁራን እስካሁን ይከራከራሉ። ጦርነቱን በአካል የተከተለችው ሌላዋ አሜሪካዊት፣ አግነስ ስሜድሊ ናት። ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሠራዊቱ ጋር እየተጓዘች ሐኪምና መድኃኒት አጥተው ስለሚሞቱ ቁስለኞች ጻፈች። እንደ ስኖው አልተነበበችም። የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ የአስተማማኙ ምስክር መጽሐፍ ከውቡ መጽሐፍ ይልቅ ብዙ ጊዜ አቧራ ይጠጣል።

ያ ክረምት ለእኛስ ምን ነበር? ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ወኪል ጆርጅ ስቲር በግንቦት ወር ከአገር ተባረረ፤ በሚቀጥለው ዓመት በስፔን የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም ያሰማው ይኸው ሰው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ ወር በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። ስኖው በባኦአን ከማኦ ጋር ሌሊቱን በሚያወጋበት በዚያው ሐምሌ አርበኞች በዝናብ አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ዘምተው ነበር፤ አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ሰሞን ተረሸኑ። በሸዋ፣ በጎጃም፣ በጎንደርና በሌላውም አምስት ዓመት የተካሄደው ውጊያ ደንቡ ፔንግ ከዘረዘረው ብዙም የራቀ አልነበረም። ሌሊቱን የሚቀመጥላቸው፣ ሻማ ለኩሶ የሚጽፍላቸው፣ በለንደን መቶ ሺህ አንባቢ የሚያስገኝላቸው ስኖው ግን አላገኙም። ታሪካቸውን በኋላ እነ ታደሰ ዘወልዴ በአማርኛ እስኪጽፉት ድረስ በለቅሶ ግጥምና በሽለላ ነው የኖረው።

ቻይናውያን ግን አልዘነጉንም። ማኦ በግንቦት ወር 1938 እ.ኤ.አ. ስለ ተራዘመ ጦርነት ባደረገው ዝነኛ ተከታታይ ንግግር ከመለሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ እኛ ነበር። «ብንዋጋ እንደ አቢሲኒያ እንሆናለን» የሚሉ ቻይናውያን ነበሩና። ማኦ የኢትዮጵያን መሸነፍ ምክንያቶች ሲተነትን አገሪቱ ትንሽና ደካማ መሆኗን፣ ማኅበራዊ ሥርዓቷ ኋላ ቀር መሆኑን፣ ያለ ዓለም አቀፍ እርዳታ ብቻዋን መዋጋቷን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በጦርነቱ አመራር ላይ የተሠራውን ስሕተት ጠቀሰ። አክሎም በኢትዮጵያ ሰፊ የሽምቅ ውጊያ ገና እንዳለና ከጸና፣ የዓለም ሁኔታ ሲለወጥ አገራቸውን እንደሚያስመልስ ተናገረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ እንደተናገረው ሆነ። ከእኛ ተማሪዎች መካከል በ1960ዎቹ ይህን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር የሸመደዱ፣ በአሲምባም በደደቢትም ሊተረጉሙት የሞከሩ ብዙዎች ናቸው። ስለ ራሳቸው አያቶች የሚናገረውን አንቀጽ ግን ጠቅሶ የተከራከረበት ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። አጎቴንም ጠይቄው ነበር፤ ሳቀና ዝም አለ።

ወደ ስኖው ልመለስ። በጥቅምት ወር ሲወጣ መጽሐፉ ሊጠፋ ነበር። ማስታወሻዎቹንና ፊልሞቹን የያዘው ቦርሳ ለጥገና ከሚላኩ የተሰበሩ ጠመንጃዎች ጋር በጆንያ ተደብቆ በካሚዮን ተጫነ። ዢአን ሲደርሱ ጆንያው የለም፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ባለች ከተማ ከሌሎቹ ጆንያዎች ጋር አውርደውታል። ሾፌሩ ነገ አመጣዋለሁ ቢልም ስኖው ግድ ብሎ ሌሊቱን አስመለሰው። በማግስቱ ቺያንግ ካይሼክ ወደ ዢአን ይገባ ስለነበር መንገዱ ሁሉ በወታደር ተዘጋ። አንድ ሌሊት ቢዘገይ ኖሮ የምናውቀው ማኦ ሌላ ማኦ ይሆን ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ ቀይ ኮከብ ያለበት ቆብ ያደረገው የማኦ ፎቶግራፍ ነበረበት። ቆቡ የማኦ አልነበረም፤ ስኖው የራሱን አውልቆ ነው ያደረገለት። ያ ቆብ ዛሬ ቤጂንግ ውስጥ በሙዚየም ተቀምጧል።

መጽሐፉ በ1937 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በለንደን፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በኒው ዮርክ ታተመ። በእንግሊዝ ብቻ ከመቶ ሺህ በላይ ቅጂ ተሸጠ። የቻይንኛው ትርጉም በ1938 እ.ኤ.አ. በሻንግሃይ ሲወጣ ሳንሱርን ለማለፍ ተራ የጉዞ ማስታወሻ የሚመስል ርእስ ተሰጠው፤ እርሱን አንብበው ወደ ያንአን የነጐዱ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ቻይናውያን ስለ ራሳቸው አገር ጦርነት ከአንድ አሜሪካዊ መማራቸው የሳንሱርን ጅልነት ከማሳየቱ በላይ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። በአንጻሩ የአሜሪካ ኮሚኒስት ፓርቲ መጻሕፍት ቤቶች አንሸጥም አሉ፤ ስኖው ስታሊንንና ሞስኮን ነክቷልና። በኋለኛው እትም አንዳንድ ቦታ አለሳለሰው። በደቡብ አፍሪቃ የትጥቅ ትግል ሲታሰብ ኔልሰን ማንዴላ ካነበቧቸው መጻሕፍት አንዱም ይኸው ነበር።

አሁን ወደዚያ ረሃብ እንመለስ። ስኖው በ1960 እ.ኤ.አ. ቻይናን ለመጎብኘት ተፈቀደለት፤ ለአምስት ወር ያህል ተዘዋወረ። ታላቁ ወደፊት ዝላይ የሚባለው ዘመቻ ያስከተለው ረሃብ በዚያን ጊዜ ገጠሩን እያጨደ ነበር። የሟቾቹ ቁጥር እንደየተመራማሪው ከ15 ሚሊዮን እስከ 45 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ብዙዎች በ30 ሚሊዮን አካባቢ ያደርጉታል። ስኖው ተመልሶ በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የምግብ እጥረት እንዳለ አምኖ፣ የተራበ ሰው ግን እንዳላየና ረሃብ ገብቷል ብሎ እንደማያምን ጻፈ። በ1929 እ.ኤ.አ. የረሃብን ፊት አይቶ ሌሊት የቃዠ ሰው!

ውሸታም ነበር ወይ? አይመስለኝም። ያላየውን አላየሁም አለ። ስሕተቱ አለማየቱን እንደ ማስረጃ መቁጠሩ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. ባቡር ተሳፍሮ የፈለገው ጣቢያ ይወርድ ነበር፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ግን አስጎብኚ፣ አስተርጓሚና የጉዞ ዕቅድ ነበረው። የ92 ቀኑ ዕቅድ ወደ አምስት ወር አድጎ ነበር ብል አላጋነንሁም። በዋሻ ቤት ውስጥ ያፈራው ወዳጅነት ለማንም ያልተከፈተ በር ከፈተለት፤ ያው ወዳጅነት ደግሞ ከበሩ በስተጀርባ ያለውን ሸፈነበት። ስለ ረሃቡ ለማኦ በግልጽ የጻፈው ሰው ማን እንደነበረ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ፤ ፔንግ ዴኋይ ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. በሉሻን ጉባኤ ላይ በደብዳቤ አስጠነቀቀ። ከመከላከያ ሚኒስትርነቱ ተሻረ፤ በባህል አብዮት ጊዜ እየተጎተተ ተደበደበ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. በእስር እንዳለ ሞተ። ገበሬው የማይደግፈው ጦር ውሎ አያድርም ያለው ሰው ለገበሬው ሲናገር የሚያዳምጠው ታጣ፤ የቀድሞው ጸሐፊውም አልነበረም።

ይህ ነገር በእኛ ሰፈርም ደርሷል። አሜሪካዊው ዳን ኮኔል የኤርትራን የትጥቅ ትግል ለዓመታት በቅርብ ተከታትሎ በ1993 እ.ኤ.አ. በአድናቆት የተሞላ መጽሐፍ አሳተመ። የሚያደንቀው ድርጅት መሪ ኢሳያስ አፈወርቂ በወጣትነታቸው በቻይና የሠለጠኑ መሆናቸው የታወቀ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር መሪዎቹ ለሁለት ተከፍለው ለውጥ የጠየቁት ሲታሰሩ፣ ኮኔል ከመታሰራቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ያነጋገራቸውን የአምስቱን ቃል በ2005 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። ሰዎቹ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ቀሩ። ኮኔል ያደረገውን ስኖው ለፔንግ ሊያደርግለት ይችል ነበር ብሎ መፍረድ ይቀላል፤ የ1960ዋ ቤጂንግ የ2001ዷ አስመራ አልነበረችም። ሆኖም ለዚያ ተማሪ ማለት የነበረብኝ ይህን ይመስለኛል፦ ከተዘጋ ግዛት የወጣን ወሬ ስትመዝን ወሬኛው ምን አየ ብለህ ብቻ አትጠይቅ፤ ማን አስገባው፣ ማን ተረጎመለት፣ ማን አረመለት፣ ሊመለስስ ይፈልጋል ወይ ብለህ ጠይቅ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል።

በጥቅምት ወር 1970 እ.ኤ.አ. ስኖው በቲያንአንመን ሰገነት ላይ ከማኦ ጎን ቆመ። በታኅሣሥ ደግሞ ማኦ ኒክሰን ቢመጣ እንደሚቀበለው ነገረው። በዚያው ጭውውት ማኦ ራሱን «ጃንጥላ የያዘ መነኩሴ» አለ። በቻይንኛ ይህ የቃላት ጨዋታ ነው፤ ሰሙ መነኩሴው ፀጉር፣ ጃንጥላው ደግሞ ሰማይ የለውም የሚል ሲሆን ወርቁ «ሕግም አምላክም አልፈራም» ነው። ስኖው ግን ቀዳዳ ጃንጥላ ይዞ ብቻውን በዓለም የሚንከራተት መነኩሴ አድርጎ ጻፈው፤ የምዕራቡ ዓለምም ማኦ በእርጅናው ብቸኝነት ተሰማው ብሎ አዘነለት። ሰምና ወርቅ በሚባል ቅኔ ያደግን እኛ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አንፈልግም። በ1936 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የቆሙት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዓመቱ፣ በጥቅምት 1971 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ሄደው ያን የዋሻ ቤት ሰው አገኙት።

ስኖው በየካቲት 15 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ በካንሰር ሞተ፤ ኒክሰን ቤጂንግ ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ካስታመሙት ሐኪሞች አንዱ ከቻይና የተላከው የጥንት የመንገድ ጓደኛው ጆርጅ ሐተም ነበር። ከአመዱ ከፊሉ በኒው ዮርክ ሃድሰን ወንዝ ዳር፣ ከፊሉ ዛሬ የቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ በሐይቁ አጠገብ አረፈ።

የአጎቴን መጽሐፍ ለዚህ ጽሑፍ ስል እንደገና ገለጥሁት። ከማኦ የሕይወት ታሪክ ይልቅ በእርሳስ የተሠመረበት ፔንግ ስለ ገበሬው የተናገረበት ገጽ ነው። በኅዳጉ ላይ በአጎቴ ጥቃቅን ፊደል «የእኛስ?» የሚል ተጽፏል፤ ቀን የለውም።